የበቆሎ መርዝ በደቂቃዎች ይለያል፤ የተመለሰው እህል ግን ወዴት ይሄዳል?

ከአውድማ የተነሣ በቆሎ ንጹሕ መስሎ ሊታይ ይችላል። አፍላቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ ግን በዐይን አይታይም፤ ሽታም የለውም። በቆሎን፣ ማሽላንና ለውዝን የሚያጠቁ ሻጋታዎች የሚያመነጩት ይህ መርዝ ለረጅም ጊዜ በምግብ ሲወሰድ ለጉበት ካንሰር ይዳርጋል። ማብሰልም ኾነ መጋገር ሙሉ በሙሉ አያስወግደውም። መጠኑ ሲበዛ ደግሞ ፈጥኖ ይገድላል። እ.አ.አ በ2004 በምሥራቅ ኬንያ እርጥበቱ ሳይወጣ በየቤቱ የተከማቸ በቆሎ ከተመገቡት መካከል 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሕይወታቸው አልፏል።

መርዙን ለመለየት ቀናትን የሚወስድ የላብራቶሪ ምርመራ ብቻ አማራጭ የነበረበት ጊዜ አልፏል። አሁን ናሙናው ተፈጭቶ በማሟሟያ ፈሳሽ ይበጠበጣል፤ የእርግዝና መመርመሪያ የምትመስል ቀጭን ወረቀትም ትነከርበታለች። ውጤቱ በመጋዘን በር ላይ በደቂቃዎች ውስጥ ይታወቃል።

ትልቁ ስሕተት የሚፈጠረው በወረቀቷ ሳይኾን በናሙና አወሳሰድ ላይ ነው። መርዙ በእህሉ ውስጥ እኩል አይሰራጭም፤ ጥቂት ፍሬዎች ብዙ መርዝ ተሸክመው የተቀሩት ንጹሕ ሊኾኑ ይችላሉ። ከአንድ ጆንያ አፍ በእፍኝ ተዘግኖ የተገኘ ውጤት እንግዲህ ብዙም አያስተማምንም። ከበርካታ ጆንያዎች፣ ከላይም ከመካከልም ከሥርም ተወስዶ፣ ተደባልቆና ተፈጭቶ ሲመረመር ነው ውጤቱ ትርጉም የሚኖረው።

ምርመራው ገበያንም ይዘጋል። ኬንያ እ.አ.አ በመጋቢት 2021 የኡጋንዳንና የታንዛኒያን በቆሎ አግዳ ነበር። እገዳውን በቀናት ውስጥ ስታነሣም የመርዙ መጠን በኪሎ ግራም ከ10 ማይክሮ ግራም በታች መኾኑን የሚያሳይ ማረጋገጫ እንዲቀርብ ጠይቃለች።

በበር የተመለሰው ጆንያ ግን አይጠፋም። ምርመራ ወደሌለበት ገበያ ይወርዳል፤ ወይም «ለከብት ይኹን» ይባላል። ይህ ሁለተኛው መንገድ መርዙን በወተት በኩል ወደ ሰው ይመልሰዋል። እ.አ.አ በ2016 የታተመ በአዲስ አበባና አካባቢው የተደረገ ጥናት ከመረመራቸው 110 የወተት ናሙናዎች በአውሮፓ ኅብረት ገደብ ውስጥ የተገኙት 9 ብቻ ነበሩ። ጥናቱ ብክለቱን በዋናነት ያያያዘው ላሞች ከሚመገቡት የኑግ ፋጉሎ ጋር ነው።

ስለዚህ ምርመራን በገዢው በር ላይ ብቻ ማቆም ኪሳራውን በአርሶ አደሩ ላይ መጣል ይኾናል፤ በዚያ ሰዓት የሚያስተካክለው ነገር የለምና። ከዚያ በፊት ግን ብዙ ማድረግ ይቻላል፦ በቆሎውን ከመሬት ለይቶ በሸራ ላይ ማስጣት፣ እርጥበቱ ወደ 13 በመቶ እስኪወርድ ማድረቅ፣ የሻገተውንና የተነቀዘውን መልቀም። የእርጥበት መለኪያ በየመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ቢኖር አርሶ አደሩ ጆንያውን ከመስፋቱ በፊት ያውቃል። ገዢውም በደንብ ለደረቀው በቆሎ በኩንታል የተለየ ዋጋ መክፈል ይኖርበታል፤ በዝናብ መካከል እህሉን ደጋግሞ ማስጣትና ማስገባት ጉልበት ይጠይቃልና።