ፈጣን መኪና ወይስ የቤተሰብ መኪና?

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከእንግዲህ ወደ አገር እንደማይገቡ መንግሥት ያስታወቀው በጥር 2016 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ፈጠን ያለች፣ ልጆችንም የምትይዝ አዲስ መኪና ለሚፈልግ ወጣት ባለትዳር ምርጫው ኤሌክትሪክ ሆኗል።

በፍጥነቱ አንከራከርም። የኤሌክትሪክ ሞተር ጉልበቱን ገና ከመነሻው ስለሚሰጥ ተራዋ የቤተሰብ መኪናም ትፈተለካለች። ፈተናው ለበዓል ወገዳ ዘመድ ጥየቃ ሲኬድ ነው። ከደብረ ታቦር በኋላ የጉና ዳገትና ብርድ አለ፤ የአምስት ሰው ጭነት ሲጨመርበት ባትሪው ቶሎ ይወርዳል። ዝቅ ያለች መኪና ደግሞ ኮረኮንች ላይ ሆዷ ይፋቃል።

እኛ የምንለው፦ ፍጥነቷን ከመጠየቃችሁ በፊት ከመሬት ያላትን ከፍታ፣ የኋላ ወንበሯን፣ መንገድ ላይ የት ቻርጅ እንደምትደረግ ጠይቁ። አገር ቤት የማታደርስ መኪና የከተማ ጌጥ ናት።

እናንተስ የቱን ታስቀድማላችሁ?