ቮልሳችሁን በሲልከን አትግደሏት!

ወዳጆቼ፣ ተማሪዎቼም፣ ክረምቱ ሳይገባ አንድ ነገር ልበል። የቆሰበር ዝናብ ቀልድ አያውቅም። የድሮ ቮልስ ያላችሁ ሰዎች ደግሞ የፊት መስታወቷ ውሃ ባስገባ ቁጥር ባለጋራዡን "ሲልከን ቀባ ቀባ አድርግላት" ትላላችሁ። እኔ በዚህ አልስማማም።

የቮልስ መስታወት እንደ ዛሬ መኪኖች በማጣበቂያ የተለጠፈ አይደለም፤ የያዘው ዙሪያውን ያለው ጎማ ነው። ውሃ የሚያስገባው ጎማው ሲደርቅና ሲሰነጠቅ ነው። ላዩን ሲልከን ስትቀቡት ውስጥ የቀረው ውሃ መውጫ ያጣና ላሜራውን ከስር ይበላዋል። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ሲልከን ደግሞ ራሱም ብረት ያዝጋል።

መፍትሔው መስታወቱን አውርዶ፣ ዝገቱን ፍቆ፣ ቀለም ቀብቶ አዲስ ጎማ መግጠም ነው። ጎማው መጀመሪያ መስታወቱ ላይ ይገባል። ከዚያ በጎማው ቦይ ዙሪያውን ሲባጎ ይገባና የሳሙና ውሃ ይቀባል። አንዱ ከውጭ መስታወቱን ሲጫን፣ ሌላው ከውስጥ ሲባጎውን ቀስ እያለ ይስባል፤ የጎማው ጠርዝም ላሜራውን እያለፈ ይቀመጣል። አለቀ!

"ጎማው ውድ ነው" ትሉኛላችሁ፤ ልክ ናችሁ። ግን የበሰበሰ ላሜራ ማስበየድ ከዚያ ይብሳል። የመጨረሻዋ የድሮ ቮልስ ከፋብሪካ የወጣችው እኮ በ2003 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ውስጥ ነው። ያለችንን እንጠብቃት እንጂ!

ጋራዥ የምትሠሩ ልጆቼ፣ እናንተስ ምን ትላላችሁ?