በአባቶቻችን አነጋገር የሚስቀው ማነው?



ከሦስቱ ከተሞቻችን፣ ማለትም ከቅርያት መላኺ፣ ከጌዴራና ከያቭኔ በአንዱ በተደረገ የትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ላይ አብረናቸው የተቀመጥን አንድ አባት ነበሩ። ከትግራይ በኩል የመጡ፣ ጢማቸው የሸበተ ሰው ናቸው። መምህርቷ ስትገባ ከወንበራቸው ተነሡ፤ በሁለት እጃቸው ጨበጧትና «ማ ሽሎምኸም?» አሏት። በዕብራይስጥ ይህ ለብዙ ሰው የሚባል ሰላምታ ነው። መምህርቷ ከኋላዋ ሌላ ሰው የመጣ መስሏት ዞር አለች። ልጃቸው በሳቅ ፈነዳ። በማግስቱም ያንኑ ሰላምታ፣ ጎንበስ ማለቱንም ጨምሮ፣ ለጓደኞቹ በፎቁ ደረጃ ላይ በትያትር መልክ አሳያቸው። አባትየው በሚቀጥለው ስብሰባ አልመጡም። ቤታቸው ሄደን ስንጠይቃቸው ልጄን ከማሳፍር መቅረት ይሻላል አሉን።

ለመሆኑ እኒህ አባት ምን ተሳሳቱ? በትግርኛ «ንስኹም» ለብዙዎችም ይባላል፣ ለሚከበር አንድ ሰውም ይባላል። በአማርኛም «እርስዎ» ካልን ግሡ እንደ ብዙ ቁጥር ሆኖ «መጡ»፣ «አደሩ» ይላል። የዛሬው ዕብራይስጥ ለሚኒስትሩም ለሕፃኑም ያለው «አታ» ብቻ ነው። እኒህ ሰው የልጃቸውን መምህርት «አንቺ» ማለት ነውር ሆኖባቸው በአዲሱ ቋንቋ ውስጥ አክብሮት ፈለጉ፤ ያገኙትም እሱን ነው። ከዚያ ክፍል ውስጥ በዚያች ሰዓት ስለ ሰዋስው ከእርሳቸው የበለጠ ያሰበ ሰው አልነበረም። የተሳቀው ግን በእርሳቸው ነው።

ይህን የምንጽፈው ሕዝቡ «ኦቬድ ሶሲያሊ» የሚለን የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞች ነን። በልጅነታችን መጥተን እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ተምረናል። መሸፋፈን አያስፈልግምና እናምናለን፤ እኛም የእናቶቻችንን ዕብራይስጥ ለጓደኞቻችን እያስመሰልን አስቀናል። ያ ሳቅ ለአንድ ከሰዓት በኋላ ጓደኛ ገዝቶልናል። ዋጋውን የከፈሉት እናቶቻችን ናቸው፤ ከዚያ በኋላ በሰው ፊት መናገር ቀነሱ።

ይህ ሳቅ በእኛ አልተጀመረም። በ1964 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) «ሳላህ ሻባቲ» የሚባል የኮሜዲ ፊልም ወጣ። ሳላህ ብዙ ልጆች ይዞ የመጣ ዖሌ ነው፤ ማዕባራ ውስጥ፣ ማለትም በጊዜያዊ የስደተኞች ሠፈር፣ ይጥሉታል። ፊልሙ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይህ ሰው አንድ አፓርታማ ለማግኘት የሚሠራውን ተንኮል ያሳያል። የደረሰው ከሃንጋሪ የመጣው ኤፍራይም ኪሾን ነው። ሳላህን ሆኖ የተጫወተው ደግሞ ወላጆቹ ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡት፣ ቴል አቪቭ የተወለደው ኻይም ቶፖል ነው። ሳላህ ከየትኛው የምሥራቅ አገር እንደመጣ በፊልሙ ውስጥ በግልጽ አይነገርም። ቅላጼው ብቻ በቂ ሆኖ ተገኘ። ፊልሙ ለኦስካር እስከ መታጨት ደረሰ። እውነቱን ለመናገር በባለሥልጣኖቹም ይቀልዳል፤ አንዳንዱ ቦታ ዛሬም ያስቃል።

ቅርያት መላኺ እንዴት እንደተመሠረተች ስንቶቻችን እናውቃለን? በ1950ዎቹ መጀመሪያ ካስቲና የሚባል ማዕባራ ነበረች። ስሟ «የመላእክት ከተማ» የተባለው የሎስ አንጀለስ አይሁዶች ስለረዷት ነው። እንግዲህ የሳላህ ታሪክ የዚህች ከተማ ታሪክ ነው። ከዚያም በ1970ዎቹ የቡሬካስ ፊልም የተባሉት ኮሜዲዎች ጎረፉ፤ የሞሮኮው አነጋገር፣ የፋርሱ አነጋገር፣ የሩማንያው አነጋገር፣ ሁሉም በየተራው ተሳቀበት። አንዱ ያስቃቸው ከሆነ ሁለተኛ ክፍል ይሠራለታል። የሳቁ ወረፋ አሁን እኛ ዘንድ ደርሷል።

ወንድሞቻችን አንዳንዶቹ ምን ይሉናል? «ይቀለድብን፤ ሁሉም በዚህ አልፏል፤ ሲስቁብን ይለምዱናል፤ ከለመዱን ይወዱናል»። ይህን አባባል በማትናስ ስብሰባም፣ በሠርግ ቤትም፣ በሥራ ቦታም ሰምተነዋል፤ የሚናገሩትም ክፉ ሰዎች አይደሉም። እኛ ግን አንቀበለውም። ጥር 2012 በቅርያት መላኺ የአንዳንድ ሕንፃዎች ባለቤቶች ለኢትዮጵያ ተወላጅ ቤት ላለመሸጥና ላለማከራየት መስማማታቸው በቴሌቪዥን ተገለጠ። ሕዝባችን በከተማዋ ሰልፍ ወጣ፤ እስከ ኢየሩሳሌምም ሄደ። አስቡት፤ ሳላህ አፓርታማ ሲለምን አገሩ ሁሉ ስቆ ነበር። ከአርባ ስምንት ዓመት በኋላ ማዕባራ በነበረች ከተማ፣ በአፓርታማ ጉዳይ፣ በሩ የተዘጋው በእኛ ላይ ነው። ሳቁ ማንን አስተማረ?

ሌላም ምሳሌ አለ። በ2017 «ነብሱ» የሚል ተከታታይ ኮሜዲ በቴሌቪዥን መታየት ጀመረ፤ ስሙ ራሱ ከእኛው አፍ የተወሰደ ነው። ከሻይ ቤን አታር ጋር የፈጠረውም ዋናውን ሰው ሆኖ የሚጫወተውም ዮሲ ቫሳ ነው፤ በልጅነቱ በሱዳን በኩል በእግሩ የመጣ የእኛው ሰው። አንድ ኢትዮጵያዊ ባል፣ አንዲት አሽከናዚ ሚስት፣ በሁለቱም ወገን አማቶች! ስቀናል፣ ኮርተናልም። ኅዳር 2018 በኒውዮርክ የዓለም አቀፉን የኤሚ ሽልማት በኮሜዲ ዘርፍ ወሰደ። ከሰባት ወር በኋላ፣ ሰኔ 30 ቀን 2019፣ ሰለሞን ተካ የሚባል ወጣት በቅርያት ኻይም ከሥራ ሰዓቱ ውጭ የነበረ ፖሊስ በተኮሰው ጥይት ሞተ፤ አገሩ በሰልፍ ተዘጋ። ኮሜዲው ይህን መከላከል ነበረበት ማለታችን አይደለም። ከኮሜዲ ያንን የሚጠብቁት እነዚያው «ይለምዱናል» ባዮቹ ናቸው።

ዮሲ ቫሳን አንወቅስም፤ በሳላህና በእርሱ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ፣ የራሱን ቤት ነው የሚናገረው። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ቀደም ሲል ለብቻው በመድረክ የሚያቀርበው ትርኢት «በአማርኛ ይበልጥ ያምራል» የሚል ትርጉም ያለው ርዕስ ነበረው፤ ትርኢቱ ግን በዕብራይስጥ ነው። ርዕሱ እውነቱን ተናግሯል! በአማርኛ የሚያምረው ነገር በአማርኛ የሚነገርበት መድረክ የት አለ?

በሌላ በኩል ያሉ ሽማግሌዎቻችን ደግሞ ነገሩን በአንድ ተረት ይዘጉታል፤ ይቅርታ ይደረግልንና፣ «ቀልድና ቅዘን ቤት ያጠፋል» ይላሉ። ይህንንም አንቀበልም። እኒሁ ሽማግሌዎች ቡና ላይ ሲቀመጡ የሚያወጡትን ተረብ እናውቀዋለንና! አለቃ ገብረ ሀና የማን አገር ሰው ናቸው? ፎገራ የተወለዱ፣ ጎንደር ያስተማሩ ሰው ናቸው። የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ቢሆኑም ቀልዳቸውን ሃይማኖት ሳይለይ ሁሉም ያወራዋል። አህያ የምትነዳ ሴት አግኝተው «እንደምን አደራችሁ?» አሏት ይባላል፤ ሴትየዋንና አህያዋን አንድ ላይ ቆጥረው። አሁን ይህን ለልጆቻችሁ በዕብራይስጥ ንገሯቸው። አይስቁም፤ ከየት ይምጣ? «ማ ሽሎምኸም» ባሉት አባትና በአለቃ ቀልድ ውስጥ ያለው አንድ ነገር ነው፤ አንድን ሰው እንደ ብዙ መጥራት። አለቃ ለነገር አዋሉት፣ አባትየው ለአክብሮት። ያ ልጅ የአለቃን ቀልድ ቢያውቅ ኖሮ በአባቱ ሰላምታ ላይ የሚስቀው ሳቅ ሌላ ዓይነት በሆነ ነበር፤ ምናልባትም መምህርቷ ዞር ማለቷ ነበር የሚያስቀው።

የአውሮፓ አይሁዶች ይህን ያውቁበታል። ከጋሊሲያ የመጡት ዓሣቸውን በስኳር፣ የሊታዎቹ ደግሞ በቁንዶ በርበሬ ይሠራሉ፤ በዚሁ ነገር ሲተራረቡ ኖረዋል። «ሁለቱ ኩኒ ሌምል» የሚለው ፊልም በ1966 ወጥቶ ሁለተኛው ክፍል በ1976፣ ሦስተኛው በ1983 ተሠራለት። ኩኒ ሌምል አንካሳና ተብታባ ነው፤ የመጣው ግን ከራሳቸው የይዲሽ ትያትር ነው። ሆኖ የተጫወተውም ማይክ ቡርስቲን የይዲሽ ተዋንያን ልጅ ነው። የተሳቀው ከቤት ውስጥ ነበር። በነገራችን ላይ ጌዴራን በ1884 ያቋቋሟት ቢሉዎች ከሩሲያ የመጡ ወጣቶች ነበሩ፤ የእነሱም ዕብራይስጥ የአገራቸው ቅላጼ ሳይኖረው አይቀርም። ዛሬ በስማቸው መንገድ ይሰየማል።

እኛስ? የጎንደሩ በትግራዩ፣ የወልቃይቱ በሰሜኑ የሚቀልደው ቀልድ ከሽማግሌዎቹ ጋር እየተቀበረ ነው። ልጆቹ የሚያውቁት አንድ ቀልድ ብቻ ነው፤ ዕብራይስጥ የማይችለው ሐበሻ። እርሱንም የተማሩት ከሌላ ነው። ከ2020 ወዲህ ከጎንደርና ከአዲስ አበባ የመጣችሁ ቤተሰቦች ሆይ፣ ይህ በተለይ እናንተን ይመለከታል። ልጃችሁ በስድስት ወር ውስጥ በዕብራይስጥ ይበልጣችኋል፤ በጤና ጣቢያውም በባንኩም ያስተረጉምላችኋል። ያን ጊዜ እናንተ ዝም ካላችሁ እርሱ ይነግሥባችኋል። እቤት ውስጥ እንኳ በምትችሉት ቋንቋ ተናገሩ፣ ተረቡት፣ አስቁት። «ልጁ ዕብራይስጡ እንዳይበላሽበት አማርኛ አታናግሩት» የሚል ምክር የሚሰጣችሁ ካለ፣ ባለሙያም ቢሆን፣ ወደ እኛ ላኩልን፤ የምንለው አለን።

በየዓመቱ ለስግድ በዓል የማኅበረሰብ ማዕከሎቹ ገንዘብ መድበው ትርኢት ይገዛሉ። ትርኢቱ በዕብራይስጥ ይቀርባል፤ ወላጆች ከፊት ወንበር ተደርድረው የልጆቻቸውን ሳቅ ዞር ዞር እያሉ ያያሉ፣ ምን እንደተባለ ግን አይገባቸውም። ከመጪው ስግድ ጀምሮ የገንዘቡ ግማሽ በአማርኛና በትግርኛ ለሚቀርብ ምሽት እንዲሰጥ ለሦስቱም ከተሞች በጽሑፍ ልንጠይቅ ነው። ልጆቹ ያልገባቸውን ወላጆቻቸውን ይጠይቁ፤ ለአንድ ማታ አስተርጓሚው አባት ይሁን። ቀልድ የምታውቁ፣ የየአገሩን ዘዬ መናገር የምትችሉ እናቶችና አባቶች በማኅበሩ ቢሮ ስማችሁን አስመዝግቡ። የትግርኛ ተናጋሪዎች ቁጥር አንሶብናልና ጎረቤቶቻችሁን ቀስቅሱልን። ስብሰባ የቀሩትን አባት እኛው ሄደን እንጠራቸዋለን።