የደበዘዘው መብራትና የኦም ሕግ
የአሮጌ ፒክአፕ የፊት መብራት ሲደበዝዝ አምፖል መለወጥ ተለምዷል፤ በእኛ እምነት ግን መለካት ይቀድማል። በ12 ቮልት 55 ዋት የሚፈጅ ሃሎጅን አምፖል 4.6 አምፔር ገደማ ይስባል። ማሳው ከሻሲው ጋር የሚታሰርበት ብሎን ዝጎ 0.5 ኦም ቢጨምር፣ ወደ 2 ቮልት የሚጠጋው ዝገቱ ላይ ይቀራል፤ ብርሃኑም ወደ ግማሽ ያሽቆለቁላል። እግረኛና ከብት በሚበዛበት የሌሊት መንገድ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። መብራቱን አጥፍቶ የለካ ሰው ምንም አያገኝም፤ ጅረት በሌለበት የቮልቴጅ ውድቀት የለምና። መብራቱን አብርቶ የቴስተሩን አንድ ጫፍ ከአምፖሉ ማሳ፣ ሌላውን ከባትሪው ኔጌቲቭ ማገናኘት ነው። ንባቡ ከፍ ካለ ጥፋቱ የአምፖሉ አይደለም። የኦምን ሕግ በጥቁር ሰሌዳ ብቻ ከምናስተምር፣ ይህ ልኬት በቤተ ሙከራ ፈተና ቢካተት እንመርጣለን።