ግድግዳው የማን ነው?

በዴም የምንከራያቸው አሮጌ ቤቶች ምድር ቤት ኖሯቸው አልተሠሩም። መንገዱ ግን በየጊዜው አፈርና ጠጠር እየተደለደለበት ከፍ ሲል ቤቶቹ ባሉበት ስለቀሩ፣ ብዙዎቻችን ከደጅ ወደ ውስጥ የምንገባው ደረጃ ወርደን ነው። ኸሪፍ ሲመጣ ውሃውም በዚያው ደረጃ ይወርዳል። እኛ የዘንድሮ ተመራቂዎች ለዚህ መጽሔት ስለ ትምህርት ጥቅም ከምንጽፍ ይልቅ፣ ተደግፈን ስላጠናነው እርጥብ ግድግዳ ወላጆቻችንን ብንሞግት ይሻላል ብለናል።

በየቤታችን የምንሰማው መልስ አንድ ዓይነት ነው፤ «ቤቱ የሰው ነው፣ እኛም መንገደኞች ነን።» ፕሮሰሱ ዘንድሮ ያልቃል ከተባለ ስንት ኸሪፍ አለፈ? ከመካከላችን ካርቱም ተወልደን እዚሁ ለምረቃ የበቃን አለን። ግድግዳው ቢናድ አከራዩ የሚያጣው ጭቃና ጣውላ ነው፤ ከሥሩ የምንተኛው እኛ ነን።

ሁለተኛው መልስ ደግሞ «ዓባይን ማን ይችለዋል» የሚል ነው። እርግጥ ነው፣ በ2012 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ ካርቱም ላይ ወንዙ ከ17 ሜትር ተኩል በላይ ሞልቶ መንግሥት የሦስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አውጇል፤ ቱቲ ላይ ወጣቶች ጆንያ አሸዋ እየሞሉ አድረዋል። ለዚያ ዓይነቱ ነገር እኛም መድኃኒት የለንም። ነገር ግን ትልልቆች ዛሬም የሚያነሱት የ1980 ዓ.ም. ጥፋት የጀመረው ከወንዙ ሳይሆን ከሰማይ ነበር፤ ሐምሌ 28 እና 29 በአንድ ቀን ውስጥ 200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዘነበ። ካርቱም ዓመቱን ሙሉ የምታገኘው ዝናብ ብዙውን ጊዜ ከዚያ ያነሰ ነው። ውሃው መውጫ አጥቶ በየግቢው ሲተኛ የጭቃው ቤት ከእግሩ ሟሟ። የእኛ ሰፈር ችግርም በአብዛኛው ይኸው ነው፤ መውጫ ያጣ ውሃ።

ጭቃ በእጅ እየተደረደረ የሚሠራው የጃሉስ ግድግዳ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ዕድሜ አለው። ጠላቱ እግሩ ላይ የሚቆም ውሃ ነው። እዚህ ላይ አንድ ክፉ ልማድ አለ፤ ርጥበቱ ሲታይ፣ ልስኑ ሲነሳና ነጭ ጨው ሲወጣ ሲሚንቶ ይለጠፍበታል። ለጥቂት ወራት ያምራል። ሲሚንቶ ግን ጭቃው የጠጣውን ውሃ እንዳይተነፍስ ይዘጋበታል፤ ርጥበቱ ከኋላው ወደ ላይ ይወጣል፣ ጭቃው ይላላል፣ ከውጭ የሚታየው ግን ጠንካራ ግድግዳ ነው። ከሚታይ ስንጥቅ ይልቅ የሚያስፈራን ይህ ነው። ሱዳኖች ከኸሪፍ በፊት እበትና ጭቃ አብኩተው የሚመርጉት ዚባላ ይበልጣል፤ እናቶቻችን አገር ቤት በጭድ አቡክተው ሲመርጉ ካደጉበት ምርጊት ብዙም አይለይም። እጃቸው ያውቀዋል፤ ከተማ ገብተን አፈርንበት እንጂ።

ውሃውን ራሳችን የምናመጣበትም መንገድ አለ። መስኮት ላይ የተሰቀለው ሙከይፍ ሌሊቱን ሙሉ በግድግዳው ላይ ያንጠባጥባል፤ ዚሩ ከግድግዳው ተጠግቶ ይቀመጣል፤ የልብስ እጣቢ እዚያው ሥር ይደፋል። ደግሞም ሙከይፍ የሚያቀዘቅዘው አየሩ ደረቅ ሲሆን ነው። በኸሪፍ አየሩ ራሱ ሲርስ ክፍሉን ከማራስ ብዙም አያልፍም፤ ሻጋታውና የትንንሾቹ ሳል የሚብሰውም ያኔ ነው። ርጥበቱ ከየት እንደሚመጣ ለመለየት አንድ ቁራጭ ላስቲክ በአራቱም ጎን ግድግዳው ላይ በፕላስተር አጣብቆ ሁለት ቀን መተው ነው። ውሃው ከላስቲኩ ኋላ ከታየ ከግድግዳው ነው፤ ከፊቱ ከታየ ከክፍሉ አየር ነው።

የምንጠይቀው ትልቅ ግንባታ አይደለም። በግድግዳው ሥር የተከመረው አፈር ይነሳ፤ ግቢው ከቤቱ እየራቀ እንዲያዘቀዝቅ ይደልደል፤ የጣሪያው አሸንዳ ውሃውን ከግድግዳው አርቆ ይጣል፤ በሩ ላይ ዝቅ ያለ የጡብ እርከን ይሠራ። በአንድ ግቢ አራትና አምስት ቤተሰብ ስለምንኖር ወጪው ሲካፈል ከአንድ ወር ኪራይ ብዙ ያንሳል ብለን እናምናለን። አከራዩም ከኪራዩ ላይ እንዲያስብልን መጠየቅ ነውር የለውም፤ ቤቱ የእሱ ነው የምንለው እኛው አይደለንም እንዴ? ስምምነቱ ግን በቃል እንዳይቀር፣ በጽሑፍና በሁለት ምስክር ይሁን። በዐረብኛ የሚጻፈውን እኛ ልጆቻችሁ እንጽፋለን፤ እናንተ ሰኔ ሳያልቅ አከራዩን ቡና ጥሩልን።