አንድ ሌሊት ይበቃ ነበር

የተቋረጠ የሬስሊንግ ዝግጅት በድሮ ስሙ ተመልሶ መጣ ሲባል የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ከስሙ ጋር ማን አብሮ ተመለሰ? በ2024 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ትልቁ የሬስሊንግ ኩባንያ ደብሊው ደብሊው ኢ ‹ባድ ብለድ›ን ከ20 ዓመት በኋላ አትላንታ ላይ ሲያስነሣ ብዙ ሰው ተደስቷል። ሲ ኤም ፐንክና ድሩ ማኪንታየር ዙሪያውንና አናቱን በብረት አጥር በተዘጋው ሪንግ ውስጥ ያደረጉት ፍልሚያ እኔንም ከመቀመጫዬ አስነሥቶኛል። ቢሆንም ስለ እንዲህ ያለ ትንሣኤ በተነሣ ቁጥር ሐሳቤ የሚሄደው ወደ ሌላ ምሽት ነው፤ ወደ ጁን 12 ቀን 2005፣ ኒው ዮርክ፣ ሐመርስታይን ቦልሩም።

የዚያ ምሽት ባለቤት ኢ ሲ ደብሊው ነበር። በደቡብ ፊላደልፊያ፣ ቢንጎ መጫወቻ በሆነ አዳራሽ ያደገ ትንሽ ድርጅት ነው። በ1994 ሼን ዳግላስ የተሸለመውን የቆየና የተከበረ ቀበቶ መሬት ላይ ወርውሮ አዲስ ዘመን አወጀ። ከጀርባ ሆኖ ሁሉን የሚያቀናብረው ፖል ሄይማን ነበር። ሬስሊንግን «ውጤቱ ቀድሞ የተወሰነ ነው» ብለው ለሚንቁት የምመልሰው፣ ውጤቱ ቢወሰንም ጠረጴዛው እንጨት፣ ወንበሩም ብረት ነው የሚል ነው። በዚያ አዳራሽ ተመልካቹ ተፋላሚዎቹ እንዲማቱበት ከቤቱ መጥበሻ ይዞ ይመጣ ነበር። ነገር ግን ደም ብቻ አልነበረም። ሬይ ሚስቴሪዮን የመሰሉ ከሜክሲኮ ወግ የመጡ በራሪዎች፣ ከጃፓን የመጡ ብርቱዎች፣ ኤዲ ጉሬሮን የመሰሉ የጥበብ ሰዎች ለሰፊው የአሜሪካ ተመልካች በደንብ ሳይተዋወቁ በፊት መድረክ ያገኙት እዚያ ነው። በኤፕሪል 1997 ‹ባርሊ ሊጋል› በሚል ስም የመጀመሪያውን ፔይ ፐር ቪው፣ ማለትም ለአንድ ምሽት ተነጥሎ የሚከፈልበትን ስርጭት፣ አቀረቡ። አራት ዓመት አልቆየም። ቲ ኤን ኤን የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ የትልቁን ተቀናቃኝ፣ የዛሬውን ደብሊው ደብሊው ኢ፣ ዝግጅት ወስዶ እነሱን አሰናበተ፤ ዕዳው ተከመረ፤ የተፋላሚዎቹም ደመወዝ ሳይከፈል ቀረ። የመጨረሻው ፔይ ፐር ቪው በጃንዋሪ 2001 እዚያው ሐመርስታይን ተካሄደ። በኤፕሪል ድርጅቱ መክሰሩን ለፍርድ ቤት አስታወቀ።

ደብሊው ደብሊው ኢ ንብረቱን ገዛና የድርጅቱን ታሪክ በዲቪዲ አወጣ። ዲቪዲው በጣም ተሸጠ። ከኢ ሲ ደብሊው ተፋላሚዎች አንዱ የነበረው ሮብ ቫን ዳም አንድ የመታሰቢያ ምሽት ይደረግ ብሎ የኩባንያውን አለቃ ቪንስ ማክማንን ጠየቀና ተፈቀደለት። ስሙም ‹ዋን ናይት ስታንድ› ተባለ።

ያ ምሽት ለምን እንደሠመረ ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ኩባንያው ሃያ ሺህ ሰው የሚይዝ ስታዲየም መያዝ ይችል ነበር፤ 2,500 ሰው ገደማ የገባበትን፣ ድርጅቱ የተሰናበተበትን አዳራሽ መረጠ። በማይክሮፎኑ ጆይ ስታይልስ ተቀመጠ፤ የኢ ሲ ደብሊው ድምፅ ማለት እርሱ ነው። ማይክ አውሰም ሻምፒዮን ሳለ ወደ ተቀናቃኝ ድርጅት ኮብልሎ ነበር፤ እርሱም ተጠርቶ መጣ፤ ከማሳቶ ታናካ ጋር እንደ ጥንቱ፣ ያለ ርኅራኄ ተፋለመ። ፖል ሄይማን እንባው እየወረደ ወጥቶ ተናገረ። ሳንድማን ደግሞ ቢራውንና የሸንበቆ ዱላውን ይዞ በሕዝቡ መሐል ሲመጣ የተሰማው ያው የድሮ መግቢያው የሜታሊካ ዘፈን ነው። ኩባንያው ለዚያ ምሽት ብሎ የዘፈኑን መብት ገንዘብ ከፍሎ አስፈቅዷል። አዳራሹ ሙሉ አብሮ ዘፈነ። ይህን ክፍል ዛሬም ሳየው ሰውነቴን ይወረኛል። አንድ ነገር ሲነሣ እንዲህ በዝርዝሩ፣ በዘፈኑም ጭምር ይነሣ።

ከዚያ ምሽት ሁለት ቀን በፊት ሼን ዳግላስ በራሱ አነሣሽነት ሌላ የመገናኛ ምሽት በዚያው በፊላደልፊያው አዳራሽ አዘጋጅቶ እንደነበርም መርሳት አይገባም። ናፍቆቱ የአንድ ኩባንያ የገበያ ፈጠራ አልነበረም፤ የሰዎቹ ነበር።

በቀጣዩ ዓመት ምሽቱ ተደገመ። የደብሊው ደብሊው ኢ ሻምፒዮን ጆን ሲና ካናቴራውን አውልቆ ወደ ሕዝቡ ሲወረውር ሕዝቡ መልሶ ይወረውርበታል፤ ሮብ ቫን ዳምም ቀበቶውን ነጠቀው። ያም ግሩም ምሽት ነበር። ጥፋቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከሁለት ቀን በኋላ ኢ ሲ ደብሊው ሳይ ፋይ በተባለው የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ጣቢያ ሳምንታዊ ዝግጅት ሆኖ ተጀመረ፤ በመጀመሪያው ምሽትም ሪንግ ውስጥ የገባው ዞምቢ የተሰኘ ገጸ ባሕርይ ነበር። የጣቢያውን ጠባይ እንዲመስል ታስቦ ነው። ሳንድማን በዱላው ደብድቦ አስወጣው። ዱላው ትክክል ነበር፤ ኢ ሲ ደብሊውን የመቀየሩ ውሳኔ ግን ተወስኖ አልቋል። አዳራሹ ሌላ፣ ተመልካቹ ሌላ፣ የሳንድማን ዘፈንም ሌላ ሆነ።

በዲሴምበር 3 ቀን 2006 በኦገስታ፣ ጆርጂያ ‹ዲሴምበር ቱ ዲስሜምበር› ቀረበ። ይህም ከጥንቱ ኢ ሲ ደብሊው የተወሰደ ስም ነው። ቀድመው የታወቁት ፍልሚያዎች ሁለት ብቻ ነበሩ። ተፋላሚዎች አንድ በአንድ እየተሸነፉ ከሚወጡበት ዋና ፍልሚያ የጥንቱ ኢ ሲ ደብሊው ሰው ሳቡ በመጨረሻው ሰዓት ተነሣ። ስርጭቱን የገዛው ሰው 90 ሺህ ገደማ ነው፤ የ2005ቱን ምሽት ከ300 ሺህ በላይ ገዝቶት ነበር። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን የሲ ኤም ፐንክ ነገር ነው። ያኔ ገና ብቅ ያለ ወጣት ነበር፤ ሕዝቡ ስሙን እየጠራ ይጮህ ነበር። ሄይማን ፐንክ ግዙፉን ቢግ ሾው ቀድሞ እንዲያስወጣ ፈልጎ ነበር፤ እምቢ ተባለ፤ እንዲያውም መጀመሪያ የተሸነፈው ፐንክ ሆነ። ኢ ሲ ደብሊውን ለማስቀጠል የሚቻልበት መንገድ ቢኖር ይህ ነበር፦ ሌላው የማይፈልገውን ሰው ወስዶ ትልቅ ማድረግ። የፊላደልፊያው አዳራሽ ሥራ ይኸው ነው፤ ዱላና ጠረጴዛው ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

ሄይማን በማግስቱ ከኩባንያው ወጣ። ለእኔ ኢ ሲ ደብሊው ሁለተኛ የሞተው ያን ዕለት ነው፤ ስሙ ግን እስከ ፌብሩዋሪ 2010 ድረስ በየሳምንቱ ቴሌቪዥን ላይ መታየቱን ቀጠለ።