ቤንዚኑም፣ ቡናውም፣ ሕፃኑም በአንድ ግቢ

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ሞተር ሳይክል ነው። “ሲስተር ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው መካኒክ የሆነችው?” እንደምትሉ አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው ብትከተሉኝ ግን ጉዳዩ የጋራዥ ብቻ እንዳልሆነ ታያላችሁ።

ባለፈው ወር ታላቅ እህቴን ልጠይቅ ሐዋሳ ወርጄ ነበር። እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። እትዬ በረንዳው ላይ ረከቦቷን ዘርግታ፣ ከሰሉን እያራገበች ቡና ትቆላለች። ከእሷ አምስት እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ ልጇ የሞተሩን የቤንዚን ታንክ ፈትቶ መሬት ላይ አጋድሞታል። ከታንኩ የገለበጠው ቤንዚን በተለምዶ ሃይላንድ በምንለው የውሃ ፕላስቲክ ውስጥ ሆኖ፣ ክዳኑ ሳይገጠም አጠገቡ ቆሟል። መልኩ ቁርጥ ብርዝ ነው። የ3 ዓመቱ ሕፃን ደግሞ ከአያቱ ወደ አባቱ፣ ከአባቱ ወደ አያቱ ይሯሯጣል።

ሽታው ገና ከበሩ ነው የተቀበለኝ። ሰላምታውን በወጉ ሳልጨርስ ልጁን አንስቼ ታቀፍኩት። አባቱን “ክዳኑን ግጠምና ታንኩን ከዚህ አርቅልኝ” አልኩት።

“አክስቴ፣ እኔ እኮ ሲጋራ አላጨስም” አለኝ ቅር ብሎት።

እውነቱን ነው፤ አያጨስም። የቤንዚንና የአሴቶን ትነት ግን ከአየር ስለሚከብድ ወደ ላይ በኖ አይጠፋም። እንደ ውሃ መሬት ለመሬት እየሄደ ዝቅ ያለ ቦታ ይፈልጋል። የቡናው ከሰል ደግሞ ያለው እዚያው መሬት ላይ ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሆነ ብርድ እንኳ እሳት የሚይዝ ትነት ይሰጣል፤ በሐዋሳ ፀሐይ እንዴት እንደሚሆን አስቡት። እሳቱ ትነቱን ካገኘው ተከትሎት እስከ ታንኩ ይመጣል።

ልጁ ወዶ አልነበረም ይህን ሥራ የጀመረው። እንጀራው በዚያች ሞተር ነው። ያገለገለች ሞተር ነበር የገዛው። የቀድሞው ባለቤት የታንኩን ውስጥ ዝገት እንዳይበላው ኢፖክሲ የሚባል ሽፋን ቀብቶት ኖሯል። ይህ ሽፋን ሲያረጅ፣ ወይም መጀመሪያውኑ ዝገት ላይ ከተቀባ፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት እየተላጠ ይወርዳል። ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚንም አንዳንዱን ሽፋን ያላሽቀዋል። ቅርፊቱ ፊልትሮውን ሲደፍነው ሞተሯ መንገድ መሐል ጥፍት ትላለች። አንድ ቀን ከኋላው ሲኖትራክ እየመጣ እንዲህ ሆነችበት። ጋራዥ የጠየቁትን ገንዘብ ደግሞ አልቻለውም። እናቱ ይህን ሁሉ የሰማችው ያን ዕለት ከእኔ ጋር ነው።

ስለዚህ “ተወው” አላልኩትም። ቁጭ ብዬ አሠራሩን ጠየቅሁት፤ መካኒክ ጓደኛውም መጥቶ አስረዳኝ። አባት ወይም አያት የሆነ ሰው ነገሩን ካወቀ ምን መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል ብዬ ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ታንኩ ይፈታል፤ ቤንዚኑ ይገለበጣል፤ መክፈቻውና የነዳጅ መጠን ጠቋሚው ወልቀው ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ። ከዚያ አሴቶን ተጨምሮ አንድ ሌሊት ወይም ከዚያ በላይ ይዘፈዘፋል። ሽፋኑ ሲለሰልስ አሴቶኑ ይገለበጥና ታንኩ በሳሙና ውሃና በጥቂት ቡሎኖች ይናጣል። ይህ ሁለት ሦስት ጊዜ ሊደገም ይችላል። ውስጡ የሚታየው በባትሪ ነው፤ በክብሪት ወይም በላይተር ማየት አይታሰብም። ቀጥሎ ዝገቱን ለማስለቀቅ አቼቶ ይጨመርበታል። አቼቶው ሲወጣ በቤኪንግ ሶዳ ውሃ፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ ጠብታ እስከማይቀርበት ይደርቃል። አዲሱ ሽፋን የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው። ታንኩ በየጎኑ እየተገላበጠ ሁሉን እንዲያዳርስ ይደረጋል፤ ትርፉ ይፈሳል። ከዚያም ዕቃው ላይ የተጻፈውን ቀን ያህል ይጠበቃል። ቸኩሎ ቤንዚን የሞላ ሰው ሥራውን “ሀ” ብሎ ይጀምራል።

“አሮጌው ሁሉ ሳይነሳ በላዩ ቢቀባስ?” ብዬ ጠየቅሁ። መካኒኩ ሳቀ። “ሲስተር፣ እናንተ መግል ያለበት ቁስል ላይ ፋሻ ታስራላችሁ?” አለኝ። መልሱ ገባኝ። ታንኩ የማያንጠባጥብ ከሆነ ደግሞ አዲስ ሽፋን ላያስፈልገው ይችላል። በደንብ ጸድቶ፣ ቤንዚን እንዳይጎድልበት ከተደረገ ብረቱ ለብዙ ጊዜ ይቆያል፤ ዝገት የሚነሳው ባዶው ቦታ ላይ ከሚጠራቀም እርጥበት ነው።

ሁለት ነገር ግን አጥብቄ እናገራለሁ። አንደኛ፣ የሚያንጠባጥብ ታንክ ተይዞ በቀጥታ ብየዳ ቤት አይኬድም። “ባዶ ነው” ማለት ዋስትና አይደለም። ቤንዚን የወጣለት ታንክ ውስጡ ትነትና አየር ስለሆነ ከሞላው ይልቅ የሚፈነዳው እሱ ነው። ሁለተኛ፣ ጠንካራ የቀለም ማስለቀቂያ ስትገዙ ዲክሎሮሜቴን የሚል ጽሑፍ እንዳለበት ተመልከቱ። ትነቱ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል፤ ይህ ቤት ዘግተን ከሰል ስናነድ የሚገድለን ጋዝ ነው። ልብ ሕመም ያለበት አያት ከክፍሉ አጠገብ ተኝቶ እንዲህ ያለ ሥራ በተዘጋ ቤት መሥራት በሕይወት መጫወት ነው።

አሁን ወደዚያች ፕላስቲክ ልመልሳችሁ። በሥራ ላይ ሳለሁ አንድ ሌሊት አንዲት አያት የ2 ዓመት የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው መጡ። ልጁ በውሃ ፕላስቲክ የተቀመጠ ላምባ ጠጥቶ ነበር። የጠጣው ብዙ አልነበረም። እሳቸው ግን መርዙ ይውጣ ብለው ወተት ግተው፣ ጣታቸውን ጉሮሮው ከትተው አስመለሱት። ሲያስመልስ ላምባው ወደ ሳንባው ገባ። ልጁን አላተረፍነውም። አያቲቱ “ያዳንኩት መስሎኝ ነው” እያሉ ሲያለቅሱ እስከ ዛሬ ይሰማኛል። ጥፋታቸው ፍቅር ማጣት አልነበረም፤ የነገራቸው ሰው አለመኖሩ ነበር።

እኔ ልንገራችሁ። ልጅ ቤንዚን፣ ላምባ ወይም ቲነር ከጠጣ አታስመልሱት፤ ወተትም ዘይትም አትስጡት። አፉን ጥረጉ፣ የነካውን ልብስ አውልቁ፣ ገላውን በሳሙናና በውሃ እጠቡ። ራሱ ካስመለሰ ወደ ፊት አጎንብሱት። ዕቃውን ይዛችሁ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ሳል፣ ፈጣን አተነፋፈስ ወይም መፍዘዝ ከሰዓታት በኋላም ሊመጣ ስለሚችል “ደህና ነው” ብላችሁ ቤት አትቀመጡ። ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ 15 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ አፍስሱበት።

ከሁሉ በፊት ግን ቤንዚንን በመጠጥ ዕቃ አታስቀምጡ። ልጅ ጽሑፍ አያነብም፤ የሚያውቀው ዕቃውን ነው። እናቱ ውሃ በምታጠጣው ፕላስቲክ ያለውን ሁሉ ይጠጣል።

የእህቴ ልጅ ሥራውን በሳምንቱ ጨረሰ፤ ጓደኛው ጋራዥ ጓሮ፣ ነፋስ ባለበት፣ ጓንት አድርጎ። ቤንዚኑን ክዳኑ ጥብቅ በሚል የነዳጅ ጀሪካን ገልብጦ ከፍ ያለ ቦታ ቆልፎበታል። እትዬም በስልክ፣ “ያንቺን ጩኸት ከሰማሁ ወዲህ ከሰል ሳቀጣጥል መጀመሪያ ግቢውን ዞሬ አያለሁ” ብላኛለች።

እናንተም ዛሬ ቡናው ከመቅረቡ በፊት ግቢያችሁን አንድ ጊዜ ዞር በሉበት። በየመስኮቱና በየአልጋው ሥር ያለውን ፕላስቲክ እያነሳችሁ አሽትቱ።

የሳምንት ሰው ይበለን።